እናታችን በማን ደብተር ትጻፍ

ቅናተኛ ሰው ነኝ። ወደ ሃምሳ ዓመቴ እየተጠጋሁ ስለሆነ ከእንግዲህ ብደብቀው ትርፉ ድካም ነው። በልጅነቴ በታላቅ ወንድሜ ቀናሁ። ጎልምሼ፣ ጎንደር ከተማ ትዳር ይዤ፣ በጤና መድን ሥራ ላይ ባለሙያ ተብዬ ጠረጴዛና ማኅተም ከተሰጠኝ በኋላም በዚያው ወንድሜ ቀናሁ። የሰማኝ ሁሉ ይስቅብኛል። እሱ ከትክል ድንጋይ ከተማ ወዲያ፣ ከመኪና መንገድ የሁለት ሰዓት የእግር ጉዞ በምትርቅ መንደር የሚኖር ገበሬ ነው። እኔ ዲግሪ አለኝ፤ እሱ ያለው አንድ ጥማድ በሬ ነው። ታዲያ በምኑ ትቀናበታለህ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤ እናታችን የምትኖረው እሱ ቤት ነው።

አባታችን የሞተ ጊዜ ዘመድ ተሰብስቦ ከሁለቱ አንዱ ይማር፣ አንዱ ከእናቱ ጋር ቤቱን ይያዝ ብሎ ፈረደ። ለትምህርቱ እኔ ተመረጥሁ። ሁሉም ዕድለኛ ነህ አለኝ፤ ወንድሜ ራሱ ሳይቀር ትከሻዬን ቸብ አድርጎ «ሂድ፣ ሰው ሁንልን» አለኝ። እኔ ግን ጎንደር በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ውስጥ የደረቀ ስንቄን በውኃ እያረጠብሁ ስበላ የማስበው እሱን ነበር። እሱ ትኩሱን ይበላል። እናቴ የሚያስቅ ነገር ሲገጥማት ቀና ብላ የምታየው የሱን ፊት ነው። ዛሬም ድረስ ሁለቱ በግማሽ ቃል ይግባባሉ፤ እሷ «ያን...» ስትል እሱ ዕቃውን አንሥቶ ሰጥቷታል። እኔ ቤት ስትመጣ ደግሞ እንደ እንግዳ ወንበር ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ምን ላምጣልሽ ስላት «ምንም፣ ተመስገን» ትለኛለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ በኛ ቤት ግን ዥንጉርጉሩ ሁሉ በኔ በኩል የወጣ ይመስለኛል።

በአንድ ነገር ብቻ እበልጠው ነበር፤ እናታችንን የማሳክማት እኔ ነኝ። ጉልበቷ ሲብስባት፣ ጨጓራዋ ሲነሣባት፣ ወንድሜ በቅሎ ለምኖ እስከ መኪና መንገድ ያደርሳትና ይደውልልኛል። ከዚያ በኋላ ያለው የኔ ነው። መናኸሪያ ሄጄ እቀበላታለሁ፤ ክንዷን ይዤ ከካርድ ክፍል ወደ ሐኪም፣ ከሐኪም ወደ ላቦራቶሪ እወስዳታለሁ። ነርሶቹ በስሜ ጠርተው ሰላም ሲሉኝ ቀና ብላ ታየኛለች። ያችን አስተያየት በምንም አልለውጣትም ነበር። ሳምንት ቤቴ ትሰነብትና መድኃኒቷን በላስቲክ ቋጥራ ትመለሳለች፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላም ለሴቶቹ «ልጄ አሳከመኝ» ማለቷን እሰማለሁ። ወንድሜ እህል ቢሰጣት እህሉ የራሷ መሬት እህል ነው፤ ጤናዋን የምሰጣት ግን እኔ ነኝ። ጧሪ ማለት ይህ ነው ብዬ አምን ነበር። እንድትታመም ተመኝቼ አላውቅም፣ ማርያምን። ስትታመም ግን ወደ እኔ እንድትመጣ እመኝ ነበር።

ከዚያ ክልሉ አባወራ ሁሉ በጤና መድን ይታቀፍ አለ። ነገሩ ቀላል ነው። በዓመት አንዴ፣ ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ፣ እያንዳንዱ ቤት ትንሽ መዋጮ ያዋጣል፤ መንግሥት ከላዩ ይጨምርበታል፤ ጨርሶ ለሌለው ደግሞ ሙሉውን መንግሥት ይከፍልለታል። ቤተሰቡ ደብተር ይሰጠዋል። ስሙ እደብተሩ ላይ ያለ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲታከም፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ሲላክ ኪሱን አይዳብስም። ሥራው ለኔ ተሰጠኝ። በየወረዳው እየዞርሁ «ከእንግዲህ በሬ ሸጦ መታከም ቀረ፤ ሳይቃጠል በቅጠል» እያልሁ ሰበክሁ። የምሰብከው ከልቤ ነበር። በአንድ ሰው ሕመም የስንት ቤት ከብት እንዳለቀ ያየሁ ሰው ነኝ። ነገሩ የራሴንም ቤት እንደሚነካ ግን የመንደራችን ተራ እስኪደርስ ድረስ አልታሰበኝም።

የመንደራችን ሰው እምቢ ብሏል፣ የአገራቸው ልጅ ይሂድላቸው ተባለና በየካቲት ሄድሁ። ሰው ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከዛፉ ሥር ተሰብስቦ ጠበቀኝ። እኔም ወረቀቴን ዘርግቼ ስለ ፍትሐዊነት፣ ስለ ተደራሽነት፣ አደጋን ስለ መጋራት ተናገርሁ። ሰው አፉን ከፍቶ የሚሰማኝ መስሎኝ ነበር፤ ልብ ብዬ ሳይ እያዛጋ ነው። አንድ ሽማግሌ ተነሡና «ልጄ፣ ሳልታመም ለሕመሜ መክፈል ሟርት አይሆንብኝም?» አሉ። አንዲት ሴት ደግሞ «ዓመቱን ሙሉ ባልታመም ያዋጣሁትን ትመልስልኛለህ?» አለችኝ። ወረቀቴን አገላበጥሁ። መልሱ ነበረኝ፤ ግን በቢሮ አማርኛ ነበር።

ይኸኔ ከበስተኋላ ወንድሜ ተነሣ። ዱላውን ተደግፎ፣ ሳይቸኩል፣ «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለ። «ሰው ሲታመምብን በቃሬዛ አንሸከምም?»

«እንሸከማለን።»

«ማነው ተሸካሚው? ታማሚው ነው?»

ሰው ሣቀ።

«ያልታመመው አይደል እንዴ? ዘንድሮ የተሸከምሁ እኔ ለከርሞ እተኛበት ይሆናል፤ አልተኛበትም ይሆናል። ባልተኛበት ጊዜ ትከሻየን መልሱልኝ እላለሁ? ይኸም ያው ቃሬዛ ነው። ወንድሜ እንጨቱን በወረቀት ለወጠው እንጅ።»

አለቀ። በኛ አገር ቃሬዛ ሲያልፍ አይቶ ትከሻውን ያላስገባ ሰው ቀኑ ሲደርስ ተሸካሚ አያገኝም፤ ይህን ደግሞ ሕፃን ሽማግሌው ያውቀዋል። ያን የሟርት ነገር ያነሡት ሽማግሌ «እንደሱ ነዋ» ብለው የመጀመሪያውን ተራ ለመያዝ ሲጋፉ አየኋቸው። በወንድሜ መኩራት ነበረብኝ። ተቃጠልሁ። እኔ ስንት ዓመት ተምሬ ያላገኘኋትን ቃል እሱ ዱላውን እንደ ተደገፈ አገኛት። ከዚያ ወዲህ በሄድሁበት ወረዳ ሁሉ የቃሬዛዋን ነገር የራሴ አድርጌ ተናገርኋት። አለቃዬ በስብሰባ መካከል «ይህን የመሰለ ምሳሌ ከየት አመጣኸው?» ቢሉኝ «ከሥራ ልምድ» አልኋቸው።

ጠረጴዛ ተዘረጋና ምዝገባው ተጀመረ። የወንድሜ ተራ ሲደርስ እናታችንም አብራው መጥታ ከጎኑ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ቅጹ ላይ አባወራው፣ ሚስቱና ልጆቹ በተራ ይጻፋሉ፤ በቤቱ የሚጦር አዛውንት ካለ ከታች ሌላ መስመር አለለት፤ ለሱ ለብቻው ጥቂት ይጨመራል። የወንድሜን ስም ጻፍሁ። የሚስቱን ጻፍሁ። የሦስቱን ልጆች ጻፍሁ።

«እናታችንንም ጻፋት» አለና ስሟን ከነአባቷ ጠራልኝ።

እስክሪብቶዬ መስመሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ልጽፋት ነበር፤ ግን ከዚያ ወዲህ የሚሆነው ሁሉ ባንድ ጊዜ ታየኝ። ጉልበቷን ሲያማት ወንድሜ ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ከትቶ እዚያው ጤና ጣቢያ ይወስዳታል። ሆስፒታል እንኳ ብትላክ ክንዷን የሚይዛት እሱ ነው። «ልጄ አሳከመኝ» የምትለው እሱን ነው። ትኩሱን የበላ እሱ፣ ሳቋን የወሰደ እሱ፣ አሁን ደግሞ ሕመሟን ሊወስድብኝ ነው፤ ያውም በገዛ እጄ ተጽፎ። እሷን እኔ አሳክማታለሁ፣ ደብተር ምን ይሠራላታል አልሁ በሆዴ። ቅጹን ገለበጥሁት።

«ጻፍኻት?» አለኝ ወንድሜ። እሱ ፊደል አልቆጠረም።

«ጽፌያታለሁ» አልሁት። የሷን ጭማሪ ሊሰጠኝ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ «ተወው አያ፣ እሱን እኔ እችለዋለሁ» ብዬ መለስሁት። መረቀኝ።

በዚያው ክረምት የወንድሜ ትንሿ ልጅ የሳንባ ምች ያዛት። ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ አስተኛት፤ በአምስተኛው ቀን ድና ወጣች። ደወለልኝ። «ወንድምዓለም፣ ደብተርህ ሠራ! ማንም ኪስህን አሳየኝ አላለኝም። ሸጋ ነገር ነው ያመጣህልን፣ እግዜር ይስጥህ» እያለ በስልኩ ውስጥ ይጮሃል። እኔ በዚያ ሳምንት የራሴን ልጅ የግል ክሊኒክ አስተኝቼ ከሰው እየተበደርሁ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ መድን ውስጥ የለም። የናንተ ለብቻው ይጀመራል ይሉናል፤ በየዓመቱ ይሉናል። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል እንደሚባለው፣ ለአገሩ ሁሉ ደብተር የማድል ሰውዬ እኔ ደብተር የለኝም። አንድ ቀን የደሃ ደሃ ተብላ ደብተሯን በነጻ የተቀበለች ባልቴት እሱን ስማ ደረቷ ውስጥ ስትከት አየሁና በሷም ቀናሁ። በደሃ የሚቀና ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያስ እኔን እዩ።

እናቴን ግን ጠበቅኋት። ጉልበቷ መነሣቱ አይቀርም፣ ትመጣለች እያልሁ ጠበቅሁ። መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፤ እኔም ሥራ በዛብኝ እያልሁ ሳልሄድ ወራት አለፉ። በስልክ ስጠይቃት «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ትለኛለች። ደህና ነኝ ካለች በኋላ ግን ስልኩን ቶሎ አትዘጋውም። የሆነ ነገር እንድላት የምትጠብቅ ይመስል ዝም ብላ ትቆይና «በል እሽ» ትላለች። ሁሉም እቤት ጥሏት ወደ ሥራው ስለሚሄድ ይሆናል፣ ብቸኝነት ነው እያልሁ እተወዋለሁ።

በጥር መንገዱ ተከፈተና ሄድሁ። እናቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ድምፄን ስትሰማ ተነሣች፤ ስትነሣ ፊት ለፊቷ የነበረውን የውኃ ጣሳ በእግሯ መትታ ደፋችው። አላየችውም። ከዚያ አንገቷን እንደ ዶሮ ወደ ጎን አዘንብላ በአንድ በኩል አየችኝ።

«እማ፣ ዓይንሽ ምን ሆነ?»

«ጭጋግ ነው። የርጅና ነው፣ ተወው።»

በማግሥቱ ይዣት ጎንደር ገባሁ፤ ወንድሜም አብሮን መጣ። ሆስፒታል የዓይን ክፍል ያየቻት ሐኪም ወጣት ሴት ናት። እናቴን ከመሣሪያው ፊት አስቀምጣ፣ ቀኝ ዓይኗን በእጇ ሸፍና «እማማ፣ መብራቱን ያዩታል?» አለቻት።

እናቴም «የቱን መብራት?» አለች።

ሐኪሟ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ለሁለታችን ነገረችን። የዓይን ግፊት ነው። የግራው ጠፍቷል፣ አይመለስም። የቀኙም ግማሹ ተበልቷል፤ የቀረውን ግን ዕድሜ ልኳን ጠብታ ሳታቋርጥ ካደረገች ማቆየት ይቻላል። «ይሄ በሽታ ሕመም የለውም፤ እየሰረቀ ነው የሚሄደው» አለች። «ግን ሲጀምራት ብትመጣ ኖሮ ይያዝ ነበር። ለምን ይህን ያህል ቆያችሁ?»

መልሱን የሰጠ ወንድሜ ነው። «ዝም ብለንም አይደለም ዶክተር። በነሐሴ ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር። ደብተሩ ቢታይ ስሟ የለም። ልክፈል ብል እሷ እምቢ አለች፤ ወንድምህ ይመጣል፣ ምዝገባው ሲደርስ ይስተካከላል አለችኝ። ልደውልለት ስል ደግሞ ስሜን አንሥተህ ሥራው ላይ አታስደንግጠው ብላ ከለከለችኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግድ የለህም፣ ወንድምዓለም። ያን ቀን ስንቱን ሰው ጻፍህ። አንድ ስም ቢዘለል ምን ይደንቃል።»

ከወቅቱ ውጭ አዲስ ስም አይገባም የሚለውን ደንብ ለጤና ጣቢያው ሰዎች ያሠለጠንሁ እኔው ነኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ የእናቴ ዓይን ጠፍቶ፣ ወንድሜ ሊያጽናናኝ ክንዴን ይዞ ሳለ ምን ተሰማህ ብትሉኝ እውነቱን እነግራችኋለሁ። ቀናሁበት። ክፉ የማያስብ ልቡ አስቀናኝ። እኔ እሱን ብሆን ኖሮ ገና ጤና ጣቢያው በር ላይ ሳለሁ የጠረጠርሁት ወንድሜን ነበር።

ወንድሜ ወደ ከብቱ ተመለሰ፤ እናቴ ጠብታውን እስክትለምድ እኔ ቤት ቀረች። የተመኘሁትን አገኘሁ ማለት ነው። ክንዷን ይዤ አስገባኋት፣ አስወጣኋት፤ መድኃኒቷን በራሴ ብር ገዛሁላት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ሰምቼ ስቄ አውቃለሁ፤ አሁን ግን አልሣቅሁም። በሦስተኛው ቀን፣ ለምሳ ከቢሮ መጥቼ፣ ሚስቴና ልጆቼ ሳይመለሱ፣ አንገቷን ወንበሩ ላይ አስደግፌ ጠብታውን አደረግሁላትና ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ።

«እማ፣ ስምሽ የቀረው በስሕተት አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ጠብታው እንዳይፈስ ዓይኗን እንደ ጨፈነች።

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«እዚያው ተቀምጨ አልነበር? የሰው ስም በተጠራ ቁጥር እጅህ ትሄድ ነበር። የኔ ሲጠራ ቆመች። ፊደል ባልቆጥር እጅ አላይም? ያን ጊዜ ዓይኔ ደህና ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ደስ ብሎኝ ነዋ።»

ያልሰማኋት መስሏት ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «ከወንድምህ ደብተር ያስቀረኸኝ በራስህ ልትጽፈኝ መስሎኝ። ልጄ ሊወስደኝ ነው፣ ከልጆቹ ጋር ሊያኖረኝ ነው አልሁ። ለወንድምህ አልነገርሁት፣ ይከፋዋል ብየ። ስትመጣ እንዳላቆምህ ኩታየን አጥቤ ለብቻው አስቀመጥሁት። በደወልህ ቁጥር ዛሬ ይነግረኛል እላለሁ። ዓይኔን ሲጀምረኝም ላንተ ያልነገርሁህ፣ ዕውር ናት ብለህ እንዳትተወኝ ነው።»

የጠብታውን ጠርሙስ ክዳን ስፈልግ ቆየሁ፤ እጄ ውስጥ ነበር። ዓመት ሙሉ እኔ በሱ ስቀና እሷ እኔን ስትጠብቅ ኖራለች።

«እማ፣ እኔ እኮ ደብተር የለኝም» አልኋት።

«ያገሩን ሁሉ ደብተር የምታድል?»

«የመንግሥት ሠራተኛ ደብተር የለውም። አንችን የምጽፍበት ቦታ አልነበረኝም።»

ዓይኗን ገለጠች። በቀኙ፣ በቀረው በኩል፣ ረዘም አድርጋ አየችኝ። «እንግዲያ ከዚያኛው ለምን አስቀረኸኝ?»

«ቀንቼ ነው» አልኋት። ልጅ ሆኜም ቢሆን እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። ራሴን ጉልበቷ ላይ አድርጌ ሳለቅስ ፀጉሬን ዳበሰችኝ፤ አልተቆጣችኝም። ስጨርስ ግን «ነገ ለወንድምህ ደውልለት፣ ይምጣና ይውሰደኝ» አለችኝ። ከእንግዲህ እዚህ ትኖሪያለሽ፣ ሐኪሙም ቅርብ ነው፣ ልጆቹም ይወዱሻል ብዬ ለመንኋት።

«አይ ልጄ» አለች። «ያን ቤት በዳሰሳ አውቀዋለሁ።»

ወንድሜ ሊወስዳት የመጣ ዕለት መናኸሪያ ሸኘኋቸው። እሷን መኪናው ውስጥ አስገብቶ፣ ቦርሳዋን እግሯ ሥር አስቀምጦ ሊሰናበተኝ ሲወርድ ነገርሁት። አንድም ሳላስቀር ነገርሁት፤ ጽፌያታለሁ ብዬ እንደዋሸሁት ጭምር። ጎንበስ ብሎ ሰማኝ።

«ምነው?» አለ ስጨርስ።

«ቀናሁብህ፣ አያ።»

«በምኔ? በነዚያ ሁለት በሬዎች?»

«በእማ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ ደስ ባለኝ። «አንተ እኮ የተማርህ ነህ» አለና ወደ መኪናው ገባ። ሹፌሩ ክላክስ እያደረገ ወጣ። እናቴ በመስኮቱ በኩል እጇን አነሣችልኝ፤ የቆምሁት ግን በወዲያኛው በኩል ነበር።

የካቲት ሲመጣ ለአዲሱ ዓመት ምዝገባ እንደገና ያችው መንደር ደረሰችኝ። ሌላ ሰው ይላክ ብል እችል ነበር፤ አላልሁም። በራሴ እጅ ልጽፋት ፈልጌ ነበር የሄድሁት። ዘንድሮ ሰው ስለ በዛ ሁለት ጠረጴዛ ዘረጋን። አንደኛው ላይ እኔ፣ ሁለተኛው ላይ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ሌላ አገር ተወልዳ ለሥራ የመጣች ልጅ። ወንድሜ እናታችንን ክንዷን ይዞ ብቅ ሲል ከኔ ጠረጴዛ ፊት የቆሙት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ የልጅቱ ሰልፍ እስከ ቅጥሩ ይደርሳል። አንድ ጊዜ ወደ እኔ ተመለከተ። ከዚያ ሄዶ ከረጅሙ ሰልፍ ጫፍ ቆመ።

ከሰዓት በላይ ፀሐይ ላይ ቆሙ። እኔም አዲስ የሚመጣውን ሰው እየጻፍሁ በዓይኔ ተከተልኋቸው። በመጨረሻ ተራቸው ደረሰ። ልጅቱ የሱን፣ የሚስቱን፣ የልጆቹን ስም ጻፈች። ከዚያ ለታችኛው መስመር የሚጠየቀውን ጠየቀች፤ ጥያቄውን እኔ ነኝ ያስተማርኋት።

«እናትዎ ናቸው? ከርስዎ ሌላ የሚጦራቸው ልጅ አላቸው?»

ወንድሜ ዱላውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አለኝ እንጅ» አለች እናቴ፣ ልጅቱ ወዳለችበት ፊቷን አዘንብላ። «አለኝ። ግን እሱ ደብተር የለውም።»

ሰልፉ በሙሉ ሣቀ፤ የመንግሥት ሠራተኛ መሆኔን ሁሉም ያውቃል። ልጅቱም ወደ እኔ ዞር ብላ ሣቀችና ጎንበስ ብላ የእናቴን ስም ጻፈች። ያልሣቀው ወንድሜ ብቻ ነው። እኔም እንደ ሰው ጥርሴን አሳየሁና ከፊቴ የቆመውን ሰውዬ «የአባወራው ስም ማነው?» አልሁት።